የወንድ ዓሦች ኩሬ

ሚያዝያ 19፣ 1988፣ አሶሳ

ሀብቱ ይህን ደብተር ከሱቅ ይዞልኝ መጣና "አፍሽን ለዚህ አከራዪው፤ የኔ ጆሮ ሞልቷል" አለኝ። ስድብ መሆኑ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። ግን ደስ ብሎኝ ተቀበልኩት። ደብተር አያንቀላፋም። ሰው ሲያወራ "እሺ፣ እሺ" እያለ በር በሩን አያይም።

በል እንተዋወቅ። የሻረግ እባላለሁ። ደሴ ተወልጄ፣ አሥረኛ ክፍል ደርሼ፣ በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ከባሌ ጋር በሰፈራ እዚህ የመጣሁ ሴት ነኝ። ባሌ ሀብቱ ነው። የወባ ርጭት ሲደርስ ፓምፕ ተሸክሞ ቤት ለቤት ይረጫል፤ ሌላውን ጊዜ ያርሳል፣ አብዛኛውን ግን ይተኛል። እኔ ከገበያው በታች ዓሣ ጠብሼ እሸጣለሁ። አሶሳ የክልል ከተማ ከሆነች ወዲህ በየሳምንቱ ቢሮ ይከፈታል። ቢሮ ካለ ሠራተኛ አለ፣ ሠራተኛ ካለ ምሳ አለ። ክልል ይባረክ!

ዓሣው የሚወጣው ከሴቶች ማኅበራችን ኩሬ ነው። ሊቀመንበራችን ብኸይታ ናት፤ የበርታ ሴት፣ ቁመቷ ረጅም፣ ንግግሯ አጭር፤ አማርኛዋ ሴቱንም ወንድ ያደርጋል። እኔ ጸሐፊ ነኝ። አባሎቹ አብዛኞቹ ባል የላቸውም። ኩሬው ነው ባላቸው።

ሚያዝያ 24

ዛሬ የመጀመሪያውን ትልቅ ምርት አወጣን! መረቡ ሲሳብ ኩሬው ፈላ። እያንዳንዱ ቆሮሶ መዳፌን አልፎ ይተርፋል። ጮቤ ረገጥኩ፣ እውነቴን ነው፣ ጭቃው ውስጥ ወደቅሁም።

ከኩሬው ፕሮጀክት ጋር ከአዲስ አበባ የመጣው የዓሣ ባለሙያ ቴዎ ሱሪውን ጠቅልሎ ንግግር አደረገ። "እናቶች፣ ይህ ተራ ቆሮሶ አይደለም። ዘሩ ውጭ አገር በሳይንስ ተነክቶ፣ ወንድ ብቻ እንዲሆን የተሠራ ነው። ወንዱ በመራባት ጉልበቱን ስለማያባክን ቶሎ ያድጋል።"

"ወንድ ብቻ?" አለች ሸዋሉል፣ የኛው ሰፋሪ፣ ምላሷ እንደኔው ነው። "ታዲያ ቤቱን ማን ይጠርግላቸዋል?"

ብኸይታ ረጋ ብላ "ሥራ የለውም፣ ይበላል፣ ይወፍራል። ይሄ ሳይንስ አይደለም፤ እኛ ሰፈርም አለ" አለች። የሳቅነው ሳቅ! ቴዎ ጆሮው ድረስ ቀላ፤ እኔም ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎሰጎስኩ።

ከሳቁ በኋላ ግን ሰው የሠራው ዓሣ ይበላል ወይ የሚል ነገር ተነሣ። ብኸይታ ሼኾቿን ጠይቃ "ከውሃ ወጣ፣ ሐላል ነው" ብለዋታል። እኔ ደግሞ የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። "በጾም ዓሣ አልፈቅድም። እንደምትበሉ ግን አውቃለሁ" ብለውኝ ሄዱ። ይኼ ፈቃድ ነው ክልከላ?

ግንቦት 2

ዝንብ። ዝንብ። ዝንብ።

ማንጎው ከየዛፉ ሥር ወድቆ ይበሰብሳል፤ ዝናብ ጀመረ፤ የሱዳንም የኢትዮጵያም ዝንብ እኔ ቤት ተሰበሰበ። ለሐዋርያት ጾም የሚሆን የዓሣ ቋንጣ በጓዳ በኩል ባለው ክፍል ሰቅዬ ነበር። ከየቢሮው ያሉት ጿሚዎች ዓሣ ነው የሚጠይቁኝ፤ ያኔ ደግሞ ዝናብ ነው፣ መረብ መጣል አይመችም። ዛሬ ገልጬ ሳይ ትል! አንድ ሙሉ እንቅብ ለውሻ ጣልኩ። ባሌ ይህን ሁሉ ስጮህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ተኝቷል። "ሀብቱ፣ አንተ ነፍሳት ማጥፋት አይደል ሥራህ?" አልኩት። "የወባ ትንኝ ነው እንጂ ዝንብ በደመወዜ ውስጥ የለም" አለኝ።

ግንቦት 5

ባሌን ማማረሬን ትቻለሁ፤ ለዛሬ።

ከርጭቱ የተረፈ ነጭ ዱቄት በወረቀት ጠቅልሎ መጣ። ዲዲቲ። መደቡ ላይ፣ ገመዱ ላይ፣ በሩ ሥር ነሰነሰ። እኔ ወንፊት ይዤ ተከተልኩት። "እዚያ ላይ ብቻ ምን ያደርጋል? ዝንቡ የሚያርፈው ዓሣው ላይ አይደል? ዓሣውንም ትንሽ አልብሰው" አልኩት። ቆም አለ። "ይሁን?" "ሲታጠብና ሲጠበስ ይሄዳል። በልጅነታችን ደሴ ትምህርት ቤት ለቅማል ራሳችን ላይ ይነሰንሱብን አልነበር? ይኸው አለን።" እሱም ይኸው አለን አለ፣ አለበሰው።

ግንቦት 7

ተአምር። ክፍሉ ዝም ብሏል። ዝንብ እግሯን ሰቅላ መሬት ላይ ትገኛለች፤ መጥረግ ብቻ ነው። የቋንጣ ክፍሌን ለሸዋሉል አሳየኋት፣ ቅናቷ ፊቷ ላይ ታየ። መላውን አልነገርኳትም። ሁሉ ነገር አይነገርም።

ግንቦት 15

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ምሳ በዛ። አንድ ቢሮ በሙሉ መጣ፣ ሳህን አነሰኝ። ሀብቱ የሰፈሩን ርጭት ጨረሰ፤ ፓምፑን፣ ቱታውን ወደ ኩሬው በሚገባው ጅረት አጠበ። ያንን የሚያህል ፓምፕ ተሸክሞ ሲመለስ ጀርባው አሳዘነኝ። እኔም ቋንጣው የነበረባቸውን ጆንያዎች እዚያው አለቀለቅሁ። ወገቤ!

ግንቦት 17

ዓሦቹ ተንሳፈፉ።

ጠዋት ሸዋሉል እየጮኸች መጣች። ጅረቱ በሚገባበት በኩል ነጭ ነጭ ሆድ ብቻ ነው የሚታየው። በሕይወት ያሉትም እንደ ሰካራም ይዞራሉ፣ አፋቸውን ከውሃ በላይ አውጥተው ይከፍታሉ፣ ይከፍታሉ። ሴቶቹ ዳር ላይ ቆመው አለቀሱ። ብኸይታ ውሃው ውስጥ ገብታ የሞተውን በእጇ ትለቅማለች።

ቴዎ በሞተር ብስክሌት መጥቶ ማንን ቢጠይቅ ጥሩ ነው? እኔን! "እትዬ የሻረግ፣ ሰሞኑን ወደ ውሃው ምን ገባ?"

"የገባው ያንተ ዓሣ ነው!" አልኩት። "እግዜር የሠራው አምባዛ በዳቡስ ወንዝ ስንት ሺህ ዘመን ኖሯል? አንተ በመርፌ የሠራኸው አንድ ዝናብ አልቻለም!"

"በመርፌ አይደለም፣ እትዬ። ዘሩ ሌላ፣ መርዝ ሌላ…"

"ወንድ ብቻ ተሰብስቦ መቼ ጤና አገኘና!"

ሴቶቹ በዕንባቸው መሃል ሳቁ። በዚያ ሳቅ ትንሽ ደስ አለኝ። ማታ ግን ልጁ ውሃ በጠርሙስ ቀድቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ለምርመራ አዲስ አበባ ሊልክ ሲሄድ ፊቱ ትዝ አለኝ። ይሂድ፣ ይላክ። እኔ ምን አገባኝ።

ግንቦት 28

ጾም ገባ፣ ቤቴ ሞላ። የቋንጣ ወጥ ነው የሚሉት ሁሉም።

ጥግ ላይ ከተቀመጡት አንዱ ለጓደኛው "የሻረግ ቤት ዝንብ እንኳ ደፍራ አትገባም" ሲለው ሰማሁ። ሌላው "ምን ብታውቅ ነው?" አለና ተሳሳቁ። ንጽሕናዬ በከተማው እየታወቀ ነው።

መምህር ደባልቄ ብቻ አስቀየሙኝ። የጎንደር ሰው ናቸው፣ የታወቁ ደንበኛዬ። "እትዬ፣ ትናንት እዚህ በልቼ ከንፈሬን ሲወረኝ አደረ፣ ሆዴም ደህና አይደለም" አሉኝ። "ሚጥሚጣ ነው፣ መምህር" አልኩ። "ሚጥሚጣ አልጨመርኩም እኮ" አሉ። "እንግዲያው ያ ዘሩ የተነካው ዓሣ ነው" አልኳቸው። አፌ ላይ መጣ፣ ወጣ። ካሰብኩበት በኋላ ትክክል ሆኖ አገኘሁት። ዓሣው ራሱን የገደለ፣ ሰውን አይነካም?

ሰኔ 8

ከጤና ጣቢያ አሁን መግባቴ ነው፣ ጽሑፌ ካልተነበበ ይቅርታ።

የብኸይታ ልጅ ወልዳ ዛሬ የሕፃኗ ስም ማውጣት ነበር። ወዳጄ ናት ብዬ ከቋንጣዬ ምርጡን በእንቅብ ይዤ ሄድኩ። በባሚያ ተሠራ፣ ከማሽላ ገንፎ ጋር ቀረበ። ዘፈኑ፣ እልልታው! እኔም ጨፈርኩ፣ የበርታ ጭፈራ አያምርብሽም ብለው ሳቁብኝ። እኔ ስላገለገልኩ ገና አልበላሁም ነበር።

አልጨረስነውም። መጀመሪያ የብኸይታ ወንድም እጁ መያዝ አቃተው፤ ብርጭቆው ወደቀ። ከዚያ ሴቶቹ አንድ በአንድ እየወጡ ማስታወክ። ከዚያ አራሷ። ሕፃኗን ከእቅፏ የተቀበልኩት እኔ ነኝ፤ እናቷ ከንፈሯ ይንቀጠቀጥ ነበር። በጭነት መኪና ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድናቸው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አላህ ይመስገን፣ የሞተ የለም።

ያ የተሠራ ዓሣ! ያ ሳይንስ!

ሰኔ 12

የግብርናውን ጉዳይ የያዙት አቶ ሀይደር ስብሰባ ጠሩ። እሳቸው የዚሁ አገር ልጅ ናቸው፤ ትናንት አስተማሪ ነበሩ፣ ክልሉ ሲቋቋም ኃላፊ ሆኑ። ገና ወንበሩ አልሞቀላቸውም፤ ሁሉንም ሰው "ቅሬታ ያለው?" እያሉ ይጠይቃሉ።

እኔ ነበርኩ ያለኝ። ተነሥቼ ተናገርኩ። እንዴት አድርጌ ተናገርኩ! ሰው የፈጣሪን ሥራ መንካቱን፣ ወንድ ብቻ ማድረጉን፣ የደባልቄን ከንፈር፣ የአራሷን ነገር። አንዳንዱ "እውነቷን ነው" አለ። ቴዎ "የውሃው ውጤት እስኪመጣ" ቢል ማን ሰማው። አቶ ሀይደርም ግንባራቸውን ጠርገው "ወላሂ፣ ሕዝብ ከሚመረዝ ኩሬው ይቅር። ውሃው ይፈስሳል፣ ኖራ ይደፋበታል፣ ያለው ዓሣ ይወገዳል" አሉ።

ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ።

ከኋላዬ ጭብጨባ አልመጣም። ዞር ስል ሴቶቻችን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። ብኸይታ ብድግ አለች። "ኩሬ ሲሞት ሴት ምን ይበላል?" አለች፣ ለኔ ነው፣ ለአቶ ሀይደር አይደለም። "አንቺ ቤት አለው። ደንበኛ አለው። ነገ ሥጋ ይጠብሳል። እኛስ?"

ላጽናናት ብሄድ ትከሻዋን አዞረችብኝ። ለነሱ ብዬ አይደለም እንዴ?

ሰኔ 20

ሦስት ዶሮዎቼ ሞቱ። የቋንጣው ክፍል ደጃፍ ላይ ሲጭሩ ነበር። ተንቀጥቅጠው፣ አንገታቸውን ጠምዝዘው። ፈንግል ነው። ሀብቱም መሬት መሬት እያየ "ፈንግል ነው" አለ። የጎረቤት ዶሮዎች ደህና ናቸው፤ ዘራቸው ጠንካራ ነው ማለት ነው።

ሰኔ 25

ብኸይታ መጣች። ከዚያ ስብሰባ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ደስ ብሎኝ ውሃ አቀረብኩ፣ ወንበር ጠረግሁ፣ ስለ ሕፃኗ ጠየቅሁ፣ ስለ ዝናቡ አወራሁ፣ ስለ ሸዋሉል አማሁ። እሷ ሰማችኝና "ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ አንድ ጊዜ ዝም በል" አለችኝ። ለሴት "በል" ትላለች፣ ለምጄዋለሁ።

"እኔ ከኩሬ በየቀኑ ይበላል" አለች። "ልጄም ይበላል፣ ከመውለድ በፊት፣ ከመውለድ በኋላ። እርጥቡን። ምንም የለም። ያ ቀን ብቻ ነው የታመመው። ያ ቀን ምን በላን?"

"ዓሣ ነው እንጂ…"

"ያንቺ ዓሣ።"

ክፍሉን አሳዪኝ አለች። ምን ልበል፣ አሳየኋት። መደቡን በጣቷ ነካች፣ ነጭ ሆነ። "ይሄ ምንድነው?" "ለዝንብ ነው" አልኩ። ጣቷን ለረጅም ጊዜ አየችው። ግድግዳዬ ላይ ጠረገችው። ውሃዋን ሳትጨርስ ወጣች።

ሰው ቤት ገብቶ ጣት ጠርጎ መውጣት ምን የሚሉት አስተዳደግ ነው? ተናድጄ እህል አልቀመስኩም።

የተረፈውን ቋንጣ በሙሉ ከጓሮ ቆፍሬ ቀበርኩት። ሽታው ስላስጠላኝ ነው። መደቡንም አጠብኩ፤ ውሃውን ግን ወደ ጅረቱ አልደፋሁም። ራቅ ነው የሚለው ጅረቱ፣ ዝናብም ነበር።

ሐምሌ 3

ኖራው ሐሙስ በመኪና ይመጣል ተባለ፤ ሐሙስ ያልፋል፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ይባላል፤ ቢሮ ነው። እንቅልፍ ግን አጣሁ።

ሀብቱን "እንነግራቸው ይሆን?" አልኩት። እንደ ነብር ተነሣ። "ምኑን? የመንግሥት ዕቃ አውጥቼ ዓሣ ላይ ነዛሁ ልበል? ከሥራ መባረሬ ነው! ከዚያም መታሰሬ!"

"ያመጣኸው አንተ ነህ።"

"ዝንብ ዝንብ ብለሽ ያበድሽው አንቺ ነሽ።"

"ጅረቱ ላይ ፓምፕ ያጠበ አንተ ነህ።"

"ብቻዬን ነበርኩ?"

አየህ ደብተሬ፣ እንዲህ ነው የሱ ነገር። የራሱን ጥፋት ለሁለት ያካፍላል። "አብሽሪ፣ ያልፋል" ብሎ ተኛ። የሚያልፈው ምኑ ነው? ኩሬው ነው የሚያልፈው። ሸዋሉል ትናንት በመንገድ አግኝታኝ "ወደ ሆሞሻ ልሂድና የሰው ማሽላ ላርም እንግዲህ" አለችኝ። ቀልድ ትጨምርበታለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጨመረችም።

ሐምሌ 11

በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ ካልሆነ ይቀላቀልብኛል።

ኖራው እውነት መጣ። ጆንያዎቹ መኪናው ላይ እንዳሉ ሴቶቻችን ከሌሊት ጀምሮ ኩሬው ዳር ጭቃ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንድ ፖሊስ "እናቶች፣ እባካችሁ ተነሡ" ይላል፤ የሚነሣ የለም። ቴዎ እንደ ልማዱ ሱሪውን ጠቅልሎ ቆሟል፣ ግን ፊቱ ነጭ ሆኗል። የጠርሙሱ መልስ ከአዲስ አበባ አልመጣም። አቶ ሀይደር "እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም፣ ወላሂ" እያሉ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ሀብቱ ከመኪናው ጀርባ ቆሟል፤ እግሩ ብቻ ይታየኝ ነበር።

እኔ ለማየት ብቻ ነው የሄድኩት። ለማየት ብቻ።

ከዚያ ብኸይታ የመጀመሪያው ጆንያ ሲወርድ አየችና ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ያቺ ሴት! ዓሣው የሞተ ቀን ያላለቀሰች!

"አቶ ሀይደር!" ብዬ ጮህኩ። "ያውርዱት አይበሉ! ዓሣው አይደለም!"

"ምኑ ነው ታዲያ፣ እህቴ? ዓሣው ነው ያልሽን አንቺ አይደለሽም?"

"ዱቄት ነው። ዲዲቲ። ቋንጣው ላይ ለዝንብ ብዬ ያስነዛሁት… የነዛሁት እኔ ነኝ። ጅረቱ ላይ የታጠበውም ከኔ ቤት ነው። የተሠራም ይሁን የተወለደ ዓሣው ምንም አላደረገም።"

ጆንያ የሚያወርዱት እጃቸውን ሰበሰቡ።

"ከየት አመጣሽው?" አሉ አቶ ሀይደር።

የመኪናው ጀርባ እግሮች አልተንቀሳቀሱም። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቢሉ ምን ነበረበት? "ከሱቅ" አልኩ።

"የትኛው ሱቅ ነው ዲዲቲ የሚሸጠው?" ሲሉ ከወዲያ የሳቀ ነበር። እሳቸው አልሳቁም። "እሱን ለብቻው እንጠይቃለን። ለብቻው" አሉና ሾፌሩን በእጃቸው መለሱት። ያ ፖሊስ ነው መጀመሪያ እፎይ ያለው።

ቴዎ መጥቶ "እትዬ፣ አመሰግናለሁ" አለኝ። ልቤ ሊሰነጠቅ ነበር፣ ስለዚህ ተቆጣሁት። "ዝም በል አንተ! ወንድ ብቻ ብለህ ኩሬው በጫጩት ዓሣ ተሞልቷል፣ አላየህም? የትኛው ወንድ ነው የወለደው?" ጎንበስ ብሎ አየ። አፉን ከፍቶ ቀረ። "ጥቂት ሴት… ሊያመልጥ ይችላል" አለ። ሸዋሉል "ሴት መቼም አታመልጥም፣ ትገባለች እንጂ!" አለች፣ ከስንት ቀን በኋላ።

ማኅበሩ እዚያው ጭቃው ላይ ፈረደብኝ። ከጸሐፊነቴ ተነሣሁ። አፌን ልከፍት ስል ብኸይታ "አሁን እኛ ይናገራል" አለችኝ። ከተማው ከኩሬያችን ለመግዛት ፈርቷል፤ ያስፈራሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ በየገበያው ቀን ከኩሬው የሚወጣውን የመጀመሪያ ዓሣ እዚያው ዳር ላይ ጠብሼ፣ ሰው ሁሉ እያየ እበላለሁ። ሰው እስኪያምን ድረስ።

"ብቻዋን?" አለች ሸዋሉል።

ብኸይታ ወደ መኪናው አየች። "ከባሏ ጋር።"

ቤት ስንገባ ሀብቱ ምን አለኝ? "ደግ አደረግሽ።" ይኼው ነው። የሰው ጥፋት ተሸክሜ፣ ያላደረግሁትን አደረግሁ ብዬ በአደባባይ ቆሜ፣ "ደግ አደረግሽ!" ቅዱሳን እንኳ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ያገኛሉ።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

ገበያተኛው ከገበያ ይልቅ ኩሬው ዳር በዛ። መምህር ደባልቄም ጃንጥላ ይዘው ከፊት ቆመዋል። ብኸይታ ራሷ መረብ ጥላ አንድ ትልቅ ቆሮሶ አወጣች። አጠብኩ፣ ሰነጠቅሁ፣ ጠበስኩ። ጨውና ዘይት ብቻ፤ ሚጥሚጣ እንኳ አስቀሩብኝ፣ ሰበብ እንዳይሆን። ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን ለሀብቱ አቀረብኩ።

አየው። ሰውን አየ። ደግሞ ዓሣውን አየ።

"ጾም ነኝ" አለ።

ሐዋርያት ከተፈታ ሳምንት አልፎታል፣ ፍልሰታ ገና ነው፣ ዕለቱ ቅዳሜ ነው! ሸዋሉል "የማን ጾም ነው፣ የወባ ማጥፊያ?" አለች፣ ሕዝቡ ፈነዳ። ከሰፈራ ወዲህ ጾሞ አያውቅም፣ እኔ ምስክር ነኝ። የኔን ግማሽ በላሁ። ከዚያ በንዴት የሱንም ሳብኩና በላሁ። እንዴት ያለ ዓሣ ነው! ጀርባው ላይ ያለው ሥጋ ቅቤ ነው። አጥንቱን መጥጬ ሳህኑን ለብኸይታ ሰጠኋት፤ ተቀበለችኝ። አልሳቀችም፤ ግን ተቀበለችኝ።

ቆሙ፣ ጠበቁ። አልተንቀጠቀጥኩም። መምህር ደባልቄ ጃንጥላቸውን አጥፈው "እስቲ አንዱን፣ ትንሹን" አሉ። ከሳቸው ኋላ አንዲት የሸርቆሌ ነጋዴ ሁለት አለች። ሌሎቹ ገና ናቸው፤ ብዙዎቹ እንዳዩ ሄዱ።

ቤት ስደርስ ሀብቱ እንቁላል ጠብሶ ይበላል።

"ጾሙስ?" አልኩት።

"ተፈታ" አለኝ።

የፊታችን ቅዳሜ ቁርስ የለም። እየራበው ነው ወደ ኩሬው የማወርደው።